ማንበብ ወይስ መሸምደድ?

አሰላ ውስጥ የሰፈራችንን ሕፃናት ስናስጠና አንዲት የ2ኛ ክፍል ልጅ ከአፋን ኦሮሞ መጽሐፏ አንድ ገጽ ሳትሰናከል ተወጣችው። ሁላችንም አጨበጨብን። ጣቷ ግን ሌላ መስመር ላይ ነበር። አይቼ ዝም አልኩ። ዝምታዬ ፍቅር ነበር ወይስ ሐሰት?

የቀድሞ የኔታዎች ይህን ድካም ያውቁታል። ሕፃኑ «ሀ ሁ ሂ»ን በዜማ ከያዘ በኋላ «አ ቡ ጊ ዳ»ን ያስቆጥሩታል። የፊደሉ ተራ ስለሚለወጥ ዜማው ብቻውን አያደርሰውም፤ ዓይኑ ፊደሉን መለየት አለበት።

ከ1980ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ የአርሲ ልጆች በብዛት በቁቤ ይማራሉ። በአፍ መፍቻ ቋንቋ መጀመር ትልቅ ረዳት ነው፤ ልጁ የቃሉን ትርጉም አስቀድሞ ያውቀዋልና። ሆኖም ቁቤም እንደ ፊደሉ ሊሸመደድ ይችላል። በ2002 ዓ.ም. በ8 ክልሎች በተደረገ የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ስንቶቹ በኅብረት ድምፅ ውስጥ ተሸሽገው አልፈው ይሆን?

ሕፃንን በሰው ፊት ማሳፈር ጭካኔ ነው። ሳያነብ «ጎበዝ፣ አነበብክ» ማለት ደግሞ ለነገው ኀፍረት አሳልፎ መስጠት ነው። በእኔ አስተያየት መካከለኛው መንገድ ለብቻ መጠየቅ ነው።

በማግሥቱ ልጅቱን ለብቻዋ አስቀምጬ ከገጹ መካከል አንዲት ቃል አመለከትኳት። አቀረቀረች። እኛም ከዚያች ቃል ጀመርን።