ባህር ዛፉ ምን አጠፋ?

 

ከላምበረት መናኸሪያ ወጥታችሁ ወደ ሰሜን ቀና ስትሉ ተራራው አረንጓዴ ነው፤ አብዛኛው ግን ባህር ዛፍ ነው። ያንኑ የእንጦጦ ሰንሰለት ወደ ምዕራብ ብትከተሉት የጉለሌ እፅዋት ማዕከልን ታገኛላችሁ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ ያቋቋሙት፣ 705 ሄክታር ያህል ስፋት ያለው ቦታ ነው። እዚያ ከሚሠሩት ሥራዎች አንዱ ባህር ዛፉን ቀስ በቀስ እያነሱ በጽድ፣ በወይራ፣ በኮሶና በመሳሰሉት የአገራችን ዛፎች መተካት ነው። ለሽርሽር ከሄዳችሁ ፎቶ ከመነሳታችሁ በፊት ይህን ቆም ብላችሁ አስተውሉ። በአላህ ፍጥረት ማስተንተንም ዒባዳ ነው።

ለመሆኑ ባህር ዛፉ ምን አጠፋ?

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች ብዙም ሳይቆይ በዙሪያዋ የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ እየተቆረጠ ተመናመነ። ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መታሰብ ተደረሰ። ችግሩን ያቃለለው በአፄ ምኒልክ ዘመን የመጣው የአውስትራሊያ ዛፍ ነው። ቶሎ ያድጋል፤ ቢቆርጡትም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል።

ዛሬ ጉዳቱን እናውቃለን። ውሃ በብዛት ይጠጣል፤ ከሥሩ ሌላ ተክል እንደልብ አይበቅልም። ስለዚህ መተካቱ ትክክል ነው። ታዲያ ያኔ የተከሉት ሰዎች አጥፊዎች ነበሩ? አይደሉም። የገጠማቸውን ችግር ባወቁት መፍትሔ ተወጡት። ሥራ የሚመዘነው በኒያ ነው፤ እኛ ደግሞ የምንጠየቀው ባወቅነው ልክ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ከዚሁ ተራራ እንጨትና ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው፣ ጎብጠው የሚወርዱ እናቶች አሉ። ለእነሱ ባህር ዛፍ የልጆቻቸው እንጀራ ነው። ዛፉ በአንድ ጊዜ ተጠርጎ ቢነሳ የክረምቱ ጎርፍ የተራቆተውን አፈር ይወስደዋል፤ እናቶቹም ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። እርምቱ ትክክል ስለሆነ ብቻ ዋጋውን ደካማው ይክፈል አይባልም። የእነሱም ሐቅ አለ።

መስጂድ ውስጥ የሸናውን የገጠር ሰው ታሪክ ታውቁታላችሁ። ሶሐቦች ሊያስቆሙት ሲነሱ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) እስኪጨርስ እንዲተዉት፣ ከዚያም ቦታው ላይ ውሃ እንዲያፈሱበት አዘዙ። ሰውየውንም በለዘበ ቃል አስተማሩት። ጥፋቱን ልክ ነው አላሉም፤ በችኮላ ቢያስቆሙት ግን ጉዳቱ ይብስ ነበር።

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ! ይህ ጉዳይ ቤታችን ድረስ ይገባል። ጥቂት ደርስ ተከታትለን፣ ጥቂት ቪዲዮ አይተን እናትና አባታችንን ማረም የጀመርን ብዙ ነን። "ይሄ ልክ አይደለም፣ ያኛው መሠረት የለውም" እንላለን። የምንለው እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ፋቲሓን መጀመሪያ ያስቀራን ማን ነው? በልጅነታችን ለሱሑር የቀሰቀሰን ማን ነው? ኪታብም አስተማሪም እንዲህ እንደዛሬው በየስልኩ ባልነበረበት ጊዜ ዲኑን ይዘው እኛ ዘንድ ያደረሱት እነሱ ናቸው። እነሱን የምናርምበትን ድፍረት ያገኘነው እነሱ ባቆዩልን ነገር ላይ ቆመን ነው።

እውነቱን እንተወው ማለቴ አይደለም። ችግኝ ሳትይዙ ግን መጥረቢያ አታንሱ። ልታርሙት የፈለጋችሁት ነገር ካለ በቅድሚያ የተሻለውን በራሳችሁ ሶላት፣ በአንደበታችሁና በአገልግሎታችሁ ያሳዩአቸው። ዛሬ ከጁምዓ ስትመለሱ ደግሞ ስለ አንድ ነገር ከልባችሁ አመስግኗቸው፤ ምክሩ ሌላ ቀን ይደርሳል።

አላህ ለወላጆቻችን ይዘንላቸው፤ ለእኛም ከእውቀት ጋር አደብን ይስጠን። አሚን።