ደራሲ ለተመልካች ዕዳ አለበት?

ተከታታይ ፊልም የሚወዱ ሰዎች በተሰበሰቡበት «የጌም ኦፍ ትሮንስ አጨራረስ እንዴት ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ካለቀ ዓመታት አልፈውም አንዱ ይበሳጫል፣ ሌላው ይስቃል፣ ሦስተኛው «ኧረ ተዉኝ፣ አታስታውሱኝ» ይላል። የተሰረቀ ገንዘብ የለም፤ የተጎዳ ሰው የለም። ቁጣው ግን የተካደ ሰው ቁጣ ነው። እነዚህ ተመልካቾች እውነት ተክደዋል? ወይስ ዝም ብለው እያካበዱ ነው?

(ጌም ኦፍ ትሮንስን ወይም ብሬኪንግ ባድን ገና ለማየት ያሰበ ሰው እዚህ ጋ ቢያቆም ይሻለዋል። ሁለቱንም እስከ መጨረሻቸው አነሳቸዋለሁ።)

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ተመልካች የሚቆጣው የሚወደው ሰው ስለሞተበት አይደለም። ጌም ኦፍ ትሮንስ በ2011 ኤችቢኦ ላይ ሲጀምር ሁላችንም ዋና ገጸ ባሕርይ ነው ብለን የያዝነው ኔድ ስታርክን ነበር። በመጀመሪያው ሲዝን ዘጠነኛ ክፍል ላይ አንገቱ ተቀላ። ሰው ደነገጠ፣ አዘነ፤ ግን «ተሸወድን» ያለ የለም። ለምን? ኔድ ለጠላቱ ምስጢሯን እንደደረሰበት በገዛ አፉ ነገራት፤ ለልጆቿ አዝኖ እንድትሸሽ ዕድል ሰጣት። ሊታመን የማይገባውን ሰው አመነ። እያንዳንዱን እርምጃ አይተናል። ሞቱ ድንገተኛ ቢመስልም ወደኋላ ሲታሰብ መንገዱ ሁሉ ወደዚያ ይወስድ ነበር።

በ2019 የወጣውን ስምንተኛውን ሲዝን ደግሞ እንይ። የቀድሞዎቹ ስድስት ሲዝኖች እያንዳንዳቸው አሥር ክፍል ነበራቸው፤ የመጨረሻው ስድስት ብቻ ነው። ዴኔሪስ ከተማይቱን ከበበች፣ የእጅ መስጠት ደወል ተደወለ፣ ጦርነቱ አለቀ ስንል በዘንዶዋ ላይ ሆና ሕዝቡን ከነቤቱ አቃጠለችው። ባሪያዎችን ነጻ ስታወጣ ለዓመታት ያየናት ሴት በደቂቃዎች ውስጥ ሌላ ሰው ሆነች። ሲዝኑ በሌላ ደራሲ እንደ አዲስ ይጻፍልን የሚለውን አቤቱታ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ፈረመው። በዚያው ዓመት ተከታታዩ በምርጥ ድራማ ዘርፍ የኤሚን ሽልማት ወሰደ። ካሜራው፣ ሙዚቃው፣ ልብሱ፣ ዘንዶው፣ ትወናው ሁሉም ነበሩ። የጎደለው ወረቀቱ ላይ መጻፍ የነበረበት ነገር ነው።

እዚህ ላይ ከብዙ አድናቂዎች እለያለሁ። «ዴኔሪስ እንዲህ ልትሆን አትችልም» የሚሉ አሉ። ትችላለች እንጂ! ጌቶቹን በእንጨት ላይ ያሰቀለች፣ አልንበረከክም ያላትን ምርኮኛ ከነልጁ በእሳት ያስበላች ሴት ናት። ነጻ አውጪ ነኝ ያለ ሰው ጨቋኝ ሲሆን ማየት እኮ ለእኛ እንግዳ ታሪክ አይደለም። ችግሩ መድረሻው ላይ አይደለም፤ ከዚህ ወደዚያ የሚያደርሰው መንገድ በቅጡ አልተጻፈም።

ይህ መንገድ ሲጻፍ ምን እንደሚመስል ብሬኪንግ ባድ ያሳየናል። ከ2008 እስከ 2013 በ62 ክፍሎች አንድ ሥራ ብቻ ነው የሠራው፦ የኬሚስትሪ አስተማሪ የነበረው ዋልተር ዋይት እንዴት ወንጀለኛ እንደሆነ አሳየን። ካንሰር ያዘው፤ ለቤተሰቡ ገንዘብ ሊተው አሰበ። ማን ይፈርድበታል? አንዲት ውሸት ዋሸ፣ እሷን ለመሸፈን ሌላ ጨመረ። ራሱን ለማዳን ገደለ። ከዚያ በሁለተኛው ሲዝን የጓደኛው ፍቅረኛ ጄን አደንዛዥ ዕፅ ወስዳ በተኛችበት በትውከቷ ስትታነቅ አጠገቧ ቆሞ አየ። በጎኗ ቢያስተኛት ትተርፍ ነበር። እጁን አልዘረጋም።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የምንለው ትዕግሥትን ለማስተማር ነው። ለካስ ክፋትም በእግሩ የሚሄደው እንደ እንቁላሉ ቀስ በቀስ ነው። የሚያስፈራው ደግሞ አብረነው መሄዳችን ነው። በየእርምጃው «እሺ፣ ይሄንንስ ምን ያድርግ?» እያልን ስንከተለው ኖረን፣ በመጨረሻው ክፍል ለሚስቱ ሁሉንም ያደረገው ለራሱ ብሎ እንደነበር ሲያምንላት፣ እሱን ስንከላከል የነበርነው እኛም አብረን ተጋለጥን።

የደራሲ ዕዳ ምን እንደሆነ ከዚሁ ተከታታይ ሌላ ምሳሌ ልጥቀስ። አምስተኛው ሲዝን ሲከፈት ዋልተር ጸጉርና ጺም አሳድጎ፣ ከመኪና ኋላ የተቀመጠ መትረየስ ሲረከብ እናያለን። የተከታታዩ ፈጣሪ ቪንስ ጊሊጋን ያንን ትዕይንት ሲጽፉ መትረየሱ ለምን እንደሚውል ራሳቸውም እንደማያውቁ በኋላ ተናግሯል። ከተመልካቹ ተበድረዋል ማለት ነው። ግን መላ እስኪያገኙ ተጨነቁ፤ በመጨረሻው ክፍል ዕዳው ተከፈለ።

«ጊዜ ስለበዛላቸው ነው» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ጊዜ ይረዳል። ለዚህም ይመስለኛል የሆሊውድ ደራሲዎች በ2023 ለ148 ቀናት ሥራ ሲያቆሙ፣ ከክፍያውና ከአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ገደብ ጋር በአንድ ተከታታይ ላይ የሚሠሩ ደራሲዎች ቁጥር ዝቅተኛ ወለል ይኑረው ብለው የተሟገቱት። ነገር ግን በ1957 የወጣውን «12 አንግሪ ሜን» እዩት። ከሁለት ሰዓት በታች ነው፤ ከሞላ ጎደል ሙሉው በአንድ ክፍል ውስጥ ያልቃል፤ ዘንዶም ፍንዳታም የለውም። አሥራ ሁለት ዳኞች በአንድ ወጣት ሕይወት ላይ ሊወስኑ ተቀምጠዋል፤ አሥራ አንዱ «ጥፋተኛ ነው» ይላሉ። አንድ በአንድ ሐሳባቸውን ይቀይራሉ፤ አንዱን ማስረጃ ያሳምነዋል፣ ሌላውን የገዛ ቁስሉ ይሰብረዋል። የሰዓቱ ማጠርም የገንዘቡ ማነስም አላገደውም። ሬጂናልድ ሮዝ እርምጃዎቹን ስላልዘለለ ብቻ እናምናቸዋለን።

«ፊልም እኮ ነው፣ ዘና በሉበት እንጂ» ለሚለኝ ሰው መልሴ ይሄ ነው። ሰው ስለ ሰው ከሚማርባቸው መንገዶች አንዱ ታሪክ ነው። አንድ ሰው በደወል ድምፅ ብቻ ከጥሩነት ወደ አረመኔነት ዘለለ የሚል ታሪክ ስለ ክፋት ውሸት ይነግረናል። ክፋት ድንገት የሚመጣ፣ ሌሎች ላይ የሚደርስ ነገር ያስመስለዋል። እንደዚያ ከሆነ የራሳችንን ትንንሽ እርምጃዎች መመርመር ምን ያደርግልናል? በደንብ የተጻፈ ታሪክ ግን «አንተስ አሁን የስንተኛው እርምጃ ላይ ነህ?» ብሎ ይጠይቃል። ስለዚህ የአጻጻፍ ጥራት ለኔ የውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የእውነተኛነት ጉዳይ ነው።

ዕዳው ግን ወሰን አለው። ተመልካች አጨራረሱን የመምረጥ መብት የለውም። አቤቱታውን የፈረሙት ንዴታቸው ቢገባኝም ጥያቄያቸው ትክክል አይመስለኝም፤ በድምፅ ብልጫ የተጻፈ መጨረሻ ከተቻኮለው የባሰ ውሸት ይሆን ነበር። መጠየቅ የምንችለው «ለምን?» ስንል መልሱ ታሪኩ ውስጥ እንዲገኝ ነው።

ይሄ የውጭ ፊልም ብቻ ጣጣ አይደለም። እኛም ጋ ደራሲ፣ ዳይሬክተርና ፕሮዲውሰር በሚሉት ማዕረጎች ሥር አንድ ስም ብቻ ማየት ለምደናል። ታሪኩ ሲበላሽ «በጀት የለም» ይባላል። ሆኖም ለአንድ ሰው የልብ ለውጥ ምክንያት መጻፍ ዘንዶ አይጠይቅም፤ ወንበርና ትዕግሥት ይበቃዋል። የድሮ ተረት ነጋሪ ሲጨርስ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይል ነበር። ዋጋውን የሚጠይቀው ግን ተረቱን ጨርሶ ካስረከበ በኋላ ነው።