ያዋጣል ወይ? ማንስ አዋጣ?

«የላፕቶፔን ፕሮሰሰር ብቀይረው ያዋጣል?» ጥያቄው የቴክኒክ ይመስላል። የቴክኒክ የሆነው ግን ግማሹ ነው።

እስቲ ከቀላሉ ግማሽ እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣውን ቲንክፓድ ቲ420 እንውሰድ። ፕሮሰሰሩ ሶኬት ላይ ስለሚቀመጥ ኮር አይ5ቱን ነቅሎ ኮር አይ7 መትከል ይቻላል። ዛሬ በሚሸጡት በአብዛኞቹ ላፕቶፖች ግን ፕሮሰሰሩ ማዘርቦርዱ ላይ ተበይዷል። እነሱ ላይ «ፕሮሰሰር ልቀይር» ማለት «ሌላ ላፕቶፕ ልግዛ» ማለት ነው።

መቀየር ቢቻልስ? በ1967 ጂን አምዳል የተባለ የኮምፒውተር መሐንዲስ ያነሳው ሐሳብ እዚህ ጋ ይጠቅመናል። አንዱን ክፍል ብናፈጥን የምናተርፈው ያ ክፍል ከሚወስደው ጊዜ ላይ ብቻ ነው። አንድ ሥራ 100 ሰከንድ ሲያስጠብቀን ፕሮሰሰሩ የያዘው 20ውን ከሆነ፣ እጥፍ የሚፈጥን ፕሮሰሰር የሚያተርፍልን 10 ሰከንድ ነው። የቀረውን 80 ሰከንድ የያዙት ሃርድ ዲስኩ፣ የራሙ ማነስ ወይም ኢንተርኔቱ ናቸው። ለዚህ ነው አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ መተካት ብዙ ጊዜ የበለጠ ለውጥ የሚያመጣው።

አሁን ወደ ከባዱ ግማሽ። «ማዋጣት» በአማርኛ ሁለት ፊት አለው። «ያዋጣል» ስንል ትርፍ አለው ማለታችን ነው። «አዋጣ» ስንል ደግሞ ከኪሱ አውጥቶ ሰጠ ማለታችን ነው፤ ለለቅሶም ለሠርግም እናዋጣለን። ስለዚህ «ያዋጣል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው «ማንስ አዋጣ?» የሚለውንም መመለስ አለበት። ብሩ እናት ከዕቁብ ያወጣችው ሊሆን ይችላል። እህት ቤሩት ሰው ቤት ሠርታ የላከችው ሊሆን ይችላል። ያኔ የእኛ አለመታገሥ ብቻውን መለኪያ አይሆንም።

ይሄ ግን «ባለህ ተመስገን በል» የሚል ስብከት አይደለም። ቪዲዮ እያቀናበረ ቤተሰብ የሚረዳ ልጅ አለ። አንድ ሥራ ኤክስፖርት እስኪያደርግለት ሌሊቱን ሙሉ ይጠብቃል፣ መሀል ላይ መብራት ይጠፋል፣ እንደገና ይጀምራል። እሱን «ታገሥ» ማለት በሰው እንቅልፍ መቀለድ ነው። ፈጣን ፕሮሰሰር ለእሱ እንጀራ ነው።

ልብ ወለድ መጻፍ የምትፈልግ ልጅስ? ጽሑፍ መጻፍ ለዚያ ለ2011ዱ ማሽንም አይከብደውም። «ላፕቶፑ ስለሚዘገይ ነው ያልጀመርኩት» ካለች፣ የምትከፍለው ለመጀመር ስለፈራች ነው። ፍርሃት ደግሞ አዲሱም ማሽን ላይ አብሮ ይከፈታል።

እና መለኪያው ምን ይሁን? አንድ ጥያቄ በቂ ይመስለኛል፦ ዛሬ የማልችለው፣ ነገ ጠዋት ግን የምሠራው ሥራ ምንድን ነው? መልሱን ብሩን ላዋጣው ሰው፣ ራሳችንም ብንሆን፣ ዓይኑን እያየን መናገር ከቻልን ያዋጣል። ከተንተባተብን ግን ብሩ ይቆይ።