ስንት ተከላችሁ? ስንትስ ጸደቀ?



ጥያቄው የመጣው ከአንድ ቅጽ ነው። ባለፈው ታኅሣሥ መጀመሪያ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የሆነ ወንድማችን አሜሪካ ላሉ ኮሌጆች የሚያመለክትበትን ቅጽ ከኢንተርኔት ቤት አሳትሞ ይዞ መጣ። ከጉባኤ በኋላ በአዳራሹ በረንዳ ላይ ተቀምጠን አብረን አነበብነው። ቅጹ ከትምህርት ውጤት ሌላ፣ ተማሪው ከክፍል ውጭ የሠራውንና የመራውን ይጠይቃል። ለዚህም አሥር ቦታ ይሰጣል፤ ለእያንዳንዱ ሥራ ማብራሪያ ግን ከ150 ፊደል በላይ አይፈቅድም። (በአማርኛ ቢሆን ኖሮ ብዙ ነገር በገባበት ነበር፤ የሚሞላው ግን በእንግሊዝኛ ነው።)

ወንድማችን ጻፈ፦ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ሰብሳቢ፤ የሚኒ ሚዲያ ዜና አንባቢ፤ የቀይ መስቀል ክበብ አባል። ከመጀመሪያው ሥር «በእንጦጦ 200 ችግኝ እንዲተከል መርቷል» ብሎ አከለበት። ሐሰት የለበትም። ሐምሌ ላይ ከሽሮ ሜዳ በላይ ያለውን ዳገት አብረን ወጥተናል፤ ቆፍረናል፣ ተክለናል፣ ጭቃ እንደ ተቀባንም ፎቶግራፍ ተነሥተናል። ነገር ግን ከመካከላችን ታናሹ፣ የ9ኛ ክፍል ተማሪ፣ «ስንቱ ጸደቀ?» ብሎ ጠየቀ። የሚመልስለት ጠፋ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወጥተን ቆጠርን። 31 ብቻ።

የቀረው ደርቋል ወይም ከብት በልቶታል። አንዳንዱን የደረቀ ችግኝ ሳብ ስናደርገው ከነፕላስቲኩ ተነቅሎ መጣ። ፕላስቲኩን ሳንቀድ ነበር የተከልነው! ሥሩ መሄጃ አጥቶ ታንቆ ሞቷል። ለዚህ ዝናቡንም እረኛውንም መክሰስ አንችልም፤ ያጠፋነው እኛው ነን፤ ፎቶግራፉ ቸኩሎብን ነበር።

ቋንቋችን ለችግኝም ለሰውም አንድ ቃል መስጠቱን ልብ በሉ። ሥር የያዘ ችግኝ «ጸደቀ» ይባላል፤ እውነተኛ ሆኖ የተገኘም ሰው እንዲሁ። መትከል የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ጭብጨባም ፎቶግራፍም ይደርስለታል። መጽደቅ ግን መስከረም ካለቀ በኋላ ማንም በማያይባቸው የበጋ ወራት የሚሆን ነገር ነው። ይህ የእኛ የጉለሌ ልጆች ጉዳይ ብቻም አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት ባስታወቀ ጊዜ ዜናው በዓለም ዙሪያ ተነገረ። በዓመቱ በዚያው ቀን የጸደቀው ስንት እንደ ሆነ ለመስማት ግን ከእኛ ማንም ሬዲዮ አልከፈተም።

እንጦጦ ራሱ ምስክር ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ስትቆረቆር የአካባቢው ጽድና ወይራ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ እየተቆረጠ ስላለቀ፣ ባሕር ዛፍ ከውጭ አገር መጥቶ ተተከለ። ባሕር ዛፍ ቶሎ ያድጋል፤ ቢቆርጡት ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ከብትም አይበላውም። ጽድና ወይራ ግን ዝግ ብለው የሚያድጉ ናቸው፤ በልጅነታቸው ጠባቂ ይሻሉ። እኛ የተከልነው ጽድና ወይራ ነበር፤ ያያዛችን ግን የባሕር ዛፍ ነበር።

እንግዲህ ወደ ቅጹ እንመለስ። ወንድማችን «200 ብዬ ብጽፍ ውሸት ነው ወይ?» አለን። እዚህ ላይ ተከፋፈልን። ገሚሶቻችን «ቅጹ የጠየቀው የሠራኸውን ነው፤ ሠርተሃል፤ ጻፍ» አልን። ይህ ቀላል መልስ አይደለም። ወንድማችን አባቱ በሸማ ሥራ የሚያሳድጉት ልጅ ነው። ከእርሱ ጋር የሚወዳደሩት አማካሪ ተቀጥሮላቸው፣ ጥቃቅኑን ሥራ ሁሉ አሳምረው የሚያቀርቡ ይሆናሉ። ድኻ እውነቱን ሲናገር ከባለጠጋው የበለጠ ይከፍላል። ትሕትናም ቢሆን ሁልጊዜ ደግ አይደለም፤ ያደረገውን ሳይናገር ቀርቶ ዕድሉን ያጣ ስንት ልጅ በየሰፈራችን አለ!

ሌሎቻችን ደግሞ «መጀመሪያውኑ የወጣነው ለቅጹ ነው ወይስ ለዛፉ?» አልን። ይህን ጥያቄ ግን እያደር ተጠራጠርነው። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ሲጀመር 60 ሺህ ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ወጡ፤ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች፣ ማለትም የእኛ እኩዮች፣ ከእነርሱ መካከል ነበሩ። ያልዘመተ ትምህርቱን መቀጠል እንዳይችልም ተደንግጎ ነበር። ታዲያ ማን ለወገኑ ብሎ፣ ማንስ ለወረቀቱ ብሎ ዘመተ? ምናልባት ራሳቸው ዘማቾቹም ለይተው አያውቁትም ነበር። ጉድጓድ የተቆፈረለት ገበሬ ግን ውኃውን ጠጥቷል። ሰው የገዛ ልቡን አጥርቶ እስኪያውቅ ድረስ ሥራ ይቁም ከተባለ፣ የሚሠራ አይገኝም።

ስለዚህ «ለምን ጀመርከው?» ከሚለው ይልቅ «ከዚያስ በኋላ ማን ቀረ?» የሚለው ይሻላል ብለን ተስማማን። በሰፈራችን እማማ እያልን የምንጠራቸው አንዲት እናት አሉ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ በቀበሌ አዳራሽ ማታ ማታ ፊደል የቆጠሩ ናቸው። ለዚያ ዘመቻ ኢትዮጵያ በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት ማግኘቷን ብንነግራቸው ተገረሙ፤ አልሰሙም ነበር። ያስተማራቸው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ስሙ ማን እንደ ነበር ስንጠይቃቸውም ጠፋባቸው። «ቀጭን ልጅ ነው፤ ሌሎቹ ሲጨርሱ እርሱ ክረምቱ ካለፈ በኋላም ይመጣ ነበር» ብቻ አሉን። እማማ ዛሬም ሲያነብቡ ጣታቸውን ከፊደሉ ሥር ያስኬዳሉ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የዚያ ቀጭን ልጅ ግን ስሙ ሳይቀር ንባቡ ቀርቷል።

ከዚህ በኋላ የምንጽፈው እኛን የሚያሳፍር ነው። በክበባችን አንዲት እኅት ነበረች። በተከላው ቀን የእያንዳንዱን ችግኝ ፕላስቲክ በጥርሷ ጭምር እየቀደደች ስለ ዘገየች «ፍጠኚ እንጂ!» ያልናት እርሷን ነው። ከመስከረም ወዲህ በስብሰባ ስላልተገኘች፣ በደንቡ መሠረት ስሟን ከመዝገብ ሰረዝነው። እናቷ ታመው ተኝተው፣ ሁለት ታናናሾቿን አብልታና አልብሳ ትምህርት ቤት የምታደርሰው፣ ማታም እንጀራ የምትጋግረው እርሷ መሆኗን የሰማነው ችግኙን ስንቆጥር ሰሞን ነው። ቤቷ ከአዳራሹ አሥር ደቂቃ አይሞላም። ሰብሳቢም ጸሐፊም ነበረን፤ ሄዶ የጠየቃት አልነበረም። ከ31ዱ አብዛኛዎቹ የተገኙት እርሷ በተከለችበት በታችኛው ረድፍ ነው። በእርግጥ ያ ቦታ ውኃ ስለሚያቁር ይሆናል፤ ስለዚህ ነገሩን ከልክ በላይ አናጋንነው።

ወንድማችን ቅጹን ደግሞ ሲመረምር ከሥራ ዓይነቶቹ መካከል «የቤተሰብ ኃላፊነት» የሚል ምርጫ አገኘ። እንጀራ መጋገርና ሕፃናትን ማሳደግ በዚያ ቅጽ ላይ ከክበብ ሰብሳቢነት እኩል ቦታ አለው! ሁላችንም ዝም አልን። በእኛ መዝገብ ግን «ያለ በቂ ምክንያት የቀረች» ተብሎ ነበር የተጻፈው። እርሷ ገና 11ኛ ክፍል ናት፤ በሚመጣው ዓመት እንድትሞላው ቅጹን ወስደን አሳየናት። «ይህም ሥራ ተብሎ ይጻፋል?» ብላ ሳቀች።

ወንድማችን በመጨረሻ 200 መተከሉን፣ 31 መጽደቁንና ፕላስቲኩን ባለመቅደዳችን መሳሳታችንን በ150 ፊደል ውስጥ አጨቀው። «ሰብሳቢ» የሚለውን አልሰረዘም፤ መሰረዝም አልነበረበትም። ይህ ጽሑፍ ሲዘጋጅ መልስ አልመጣለትም።

የእኅታችንን ስም መልሰናል፤ ስብሰባውንም እርሷ በምትችልበት ሰዓት እሑድ ከሰዓት በኋላ አድርገነዋል። ዳገቱን ለመውጣት ግን አሁንም ጊዜ የላትም። በእርሷ ፈንታ ታናሽ ወንድሟ በሃይላንድ ውኃ ይዞ ከእኛ ጋር ይወጣል፤ አንድ በአንድ እየቆጠረ ያጠጣል። ባለፈው ሳምንት 30 ናቸው አለን፤ አንዷን ፍየል በልታታለች።