የተቋረጠ ወንፈል

ሰው ሥራ ጀምሮ ሳይፈጽመው ቢቀር፥ እስከዚያች ሰዓት ድረስ የደከመው ድካም ምን ይባላል? ከፍጻሜው ስላልደረሰ እንዳልተሠራ ይቈጠራልን? ወይስ የተሠራው እንደ ተሠራ፥ የቀረውም እንደ ቀረ ሆኖ ሁለቱም በየስማቸው ይጠራሉ? ጥያቄው የቆየ ነው። ቤት ሠርቶ ጣሪያ ሳያለብስ የቀረ ሰው፥ ሰብሉ ሊታጨድ ሲል በረዶ የመታበት ገበሬ፥ ትምህርቱን በሕመም ያቋረጠ ተማሪ ሁሉም በየፊናቸው አንሥተውታል። መልሱን ግን ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ፈላስፋ አይደለም፤ መዝገብ የያዘ ሰው ነው። እርሱም በአንዲት የብዕር ጭረት «ተሰርዟል» ብሎ ያልፋል።

በዚህ ጽሑፍ ይህን ጥያቄ የምንመረምረው በእግር ኳስ አማካይነት ነው። ኳስ የወጣቶች መዝናኛ እንጂ የሥነ ምግባር መመርመሪያ አይደለም የሚል አንባቢ ቢኖር ጥቂት እንዲታገሠን እንለምነዋለን። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ዓለምን ባዳረሰ ጊዜ፥ የብዙ አገሮች የኳስ ውድድር በአንድ ሰሞን ከመንገድ ላይ ቆመ። ያን ጊዜ እያንዳንዱ አገር ለዚያ ለቆየው ጥያቄ በአደባባይ መልስ መስጠት ግድ ሆነበት። ብዙ ሕዝቦች አንድ የፍትሕ ጥያቄ በአንድ ጊዜ ቀርቦላቸው፥ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ፍርድ ሲሰጡ የሚታይበት አጋጣሚ ብዙ አይገኝም።

ፍርዶቹን ከመመዘናችን በፊት ግን ሚዛን ያስፈልገናል። ሚዛኑንም ከደጀን እንዋሳለን።

ደጀን ከዓባይ ሸለቆ አፋፍ ላይ የተቀመጠች፥ ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም ለሚዘልቅ መንገደኛ የደጋው በር የሆነች ከተማ ናት። ከእርስዋ ወደ ቢቸናና ወደ ሞጣ በሚዘልቀው ደጋ ጤፍ ይዘራል፤ ገበሬውም ዘርቶ፥ አርሞ፥ አጭዶና ወቅቶ ወደ ጎተራው የሚያስገባው ብቻውን አይደለም። ወንፈል አለ። ወንፈል ደሞዝ አይደለም፤ ምጽዋትም አይደለም። ዛሬ አምስት ሰዎች በአንዱ ማሳ ላይ ይውላሉ፤ ነገ አምስቱም ወደ ሁለተኛው ማሳ ይሻገራሉ፤ እንዲህ እያለ ዙሩ እስኪሞላ ድረስ ቀን በቀን ይመለሳል። የሚከፈለው በገንዘብ ሳይሆን በጉልበት ነው። ውሉ የሚጻፍበት ወረቀትም የለም፤ የሚጻፈው በሰዎቹ ትዝታ ላይ ነው።

አሁን ወደ ኳሱ እንመለስ። ሊግ የሚባለው ውድድር ከጥሎ ማለፍ ውድድር የሚለየው ምኑ ላይ ነው? በጥሎ ማለፍ አንዱ ሌላውን አሸንፎ ያሰናብታል፤ ተሸናፊው ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ነገሩ በዚያው ያበቃል። በሊግ ግን ማንም ማንንም አያሰናብትም። የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ በ2012 ዓ.ም. 16 ክለቦች ነበሩት፤ እያንዳንዱ ክለብ ከሌሎቹ ከ15ቱ ጋር ሁለት ሁለት ጊዜ፥ አንዱን በሜዳው ሌላውን በባለጋራው ሜዳ፥ በጠቅላላው 30 ጨዋታ ሊጫወት ተዋውሎ ነበር። የአዲስ አበባው ክለብ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ጎንደር በየብስ ሲጓዝ የዓባይን ቁልቁለት ወርዶ፥ ዳገቱን ወጥቶ፥ በደጀን አልፎ ይሄዳል። ይህን ድካም የሚቀበለው የባሕር ዳሩ ወይም የጎንደሩ ክለብ በተራው ያን ዳገትና ቁልቁለት ወርዶና ወጥቶ እንደሚመጣለት ስለሚያውቅ ነው። ይህ ወንፈል ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? የመጀመሪያው ዙር ብድር ነው፤ የመልሱ ጨዋታ ክፍያ ነው።

እንግዲህ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የሆነው የወንፈሉ ዙር ሳይሞላ መቋረጡ ነው። መጋቢት 4 ቀን በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። በዚያው ዕለት የጀርመን ከፍተኛ ሊግ፥ ቡንደስሊጋ የሚባለው፥ ጨዋታውን አቆመ። ሁለቱም ሊጎች ከግማሽ በላይ ተጉዘው ነበር። ከዚያ በኋላ ግን መንገዳቸው ተለያየ።

የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን በሚያዝያ ወር መጨረሻ ገደማ ውድድሩ እንዲሰረዝ፥ ሻምፒዮንም ወራጅም እንዳይኖር ወሰነ። ሆላንድም ቀደም ብላ በዚያው ወር ተመሳሳይ ፍርድ ሰጥታ ነበር፤ አያክስና አዜድ አልክማር በእኩል 56 ነጥብ ከላይ ተቀምጠው ሳለ ዋንጫውን ለማንም ሳትሰጥ ቀረች። ፈረንሳይ በበኩሏ ውድድሩን አቁማ፥ እስከዚያ የተገኘውን ነጥብ በተደረጉት ጨዋታዎች ልክ አካፍላ፥ ፓሪስ ሴንት ዠርሜንን ሻምፒዮን አደረገች፤ አሚየንና ቱሉዝን ደግሞ አሥር ጨዋታ እየቀራቸው ወደ ሁለተኛው ዲቪዚዮን አወረደች። ጀርመን ግን ሁለት ወር ገደማ ጠብቃ፥ ግንቦት 8 ቀን ተመልካች በሌለበት ስታዲየም ጨዋታውን ቀጥላ፥ ሰኔ 20 ቀን 34ኛውን ዙር ፈጸመች። ባየርን ሙኒክም በ82 ነጥብ ለስምንተኛ ተከታታይ ጊዜ ዋንጫውን ወሰደ።

ሦስት ፍርዶች ናቸው፦ መሰረዝ፥ በተሠራው ልክ መፍረድ፥ እስከ መጨረሻው መቀጠል። የትኛው ነው ፍትሐዊው?

ለመቀጠል የሚከራከር ሰው አንድ ጠንካራ ምስክር አለው፤ እርሱም ቬርደር ብሬመን የተባለው ክለብ ነው። በዚህ ክለብ ውስጥ ለአንባቢ ጆሮ እንግዳ ያልሆነ ስም ያለው ተከላካይ ይጫወት ነበር፤ ቴዎዶር ገብረሥላሴ ይባላል። አባቱ ኢትዮጵያዊ ሐኪም፥ እናቱ የቼክ አገር ሴት ናቸው፤ ለቼክ ብሔራዊ ቡድን የተሰለፈ፥ ከ2004 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም ለዘጠኝ የውድድር ዓመታት በብሬመን የቆየ ሰው ነው። ሊጉ ሲቆም ብሬመን በ24 ጨዋታ 18 ነጥብ ብቻ ይዞ ከመጨረሻው ሁለተኛ ነበር። የፈረንሳይ ፍርድ በጀርመን ተሰጥቶ ቢሆን ኖሮ ያለ ጥርጥር ይወርድ ነበር። ግንቦት 10 ቀን ባዶ በሆነው በራሱ ስታዲየም ከባየር ሌቨርኩዘን ጋር ገጠመ፤ ገብረሥላሴ በጭንቅላቱ አንድ ግብ አስቈጠረ፤ ቡድኑ ግን 4 ለ 1 ተሸነፈ። ሆኖም ከቀሩት ጨዋታዎች 13 ነጥብ ለቀመ። በመጨረሻው ቀን ኮሎኝን 6 ለ 1 ሲያሸንፍ፥ ከፊቱ የነበረው ፎርቱና ዱሰልዶርፍ በበርሊን ተሸነፈ። ብሬመን በ31 ነጥብ፥ ዱሰልዶርፍ በ30 ነጥብ ፈጸሙ። ዱሰልዶርፍ ወረደ። ብሬመን ደግሞ ከሁለተኛው ሊግ ከመጣው ከሃይደንሃይም ጋር በሜዳው 0 ለ 0፥ በባለጋራው ሜዳ 2 ለ 2 ተለያይቶ፥ ከሜዳው ውጪ ባገባው ግብ ብልጫ ለጥቂት ተረፈ።

ይህ ምን ያስተምረናል? በግማሽ መንገድ ላይ የቆመ ሚዛን የመጨረሻውን ክብደት እንደማይናገር ያስተምረናል። አሚየን በፈረንሳይ ያጣው ይህንኑ ነው። ከወራጅ ቀጠና ለመውጣት አራት ነጥብ ብቻ ጎድሎት ነበር፤ አሥር ጨዋታም ቀርቶት ነበር። ሊወርድ ይችል እንደ ነበር የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ሊወርድ የሚችልና የወረደ አንድ አይደሉም። ገበሬ በኅዳር የቆመውን ሰብል አይቶ «ይህን ያህል ኩንታል ይወጣዋል» ብሎ ሊገምት ይችላል፤ ግምቱን ግን ጎተራ አያስገባውም።

ይሁን እንጂ የጀርመንን ፍርድ ያለ ቅሬታ ልናሞግሰው አንችልም። ጀርመኖች ራሳቸው ያን ጨዋታ «የመናፍስት ጨዋታ» ብለውታል። በሞንሸንግላድባኽ ከተማ ደጋፊዎች ፎቶግራፋቸውን በካርቶን አስቀርጸው በባዶው ወንበር ላይ አቁመው ነበር። ሊጉ እንዲቀጥል ያስገደደው ለተጫዋቹ ድካም ያለው አክብሮት ብቻ አልነበረም፤ ክለቦቹ የሚኖሩበት የቴሌቪዥን ገንዘብ ውድድሩ ካልተፈጸመ ስለሚቀርባቸው ጭምር ነው። ብዙ የተደራጁ ደጋፊዎችም ይህንኑ በመጥቀስ ተቃውመዋል። ደግሞም እንዲህ ለመቀጠል ተጫዋቾችን በየጊዜው መመርመር፥ ከሰው ለይቶ ማሳደር፥ ከፍ ያለ ወጪ መቻል ያስፈልጋል። የመመርመሪያው መሣሪያ ለታመመ ሰው እንኳ በማይዳረስበት አገር፥ ለኳስ ተጫዋች ይዋል ማለት ከፍትሕ ጋር የሚሄድ ነገር አይደለም።

ስለዚህ ኢትዮጵያ ጨዋታውን ማቆሟ ትክክል ነበር እንላለን። ከጨዋታ የሚበልጥ ነገር መኖሩን የአገራችን ኳስ ከጥንት ያውቃል። በ1949 ዓ.ም. በካርቱም በተደረገው የመጀመሪያው የአፍሪቃ ዋንጫ ኢትዮጵያ ከደቡብ አፍሪቃ ጋር ልትገጥም ተመድባ ነበር፤ ደቡብ አፍሪቃ ነጭና ጥቁር የተቀላቀሉበት ቡድን አልልክም በማለቷ ከውድድሩ ወጣች፤ ኢትዮጵያም ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች። በፍጻሜው በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። ያ ያልተደረገ ጨዋታ በአህጉሪቱ የኳስ ታሪክ ውስጥ ከብዙ የተደረጉ ጨዋታዎች ይልቅ የከበረ ነው። ሰውን ለማክበር ሲባል ኳስ ሊቆም ይገባዋል፤ የሰውን ነፍስ ለማዳንም እንዲሁ።

ሻምፒዮን አለመሰየሙም ትክክል ነበር። ዙሩ ባልሞላበት፥ አንዱ ሄዶ ሌላው ገና ባልመጣበት ሁኔታ ዋንጫ መስጠት፥ የሌላውን ብድር ሳይከፍሉ ማሳን ለብቻ እንደ ማጨድ ነው።

ክርክራችን ግን ከዚህ ቀጥሎ ይጀምራል። ማቆም አንድ ነገር ነው፤ መሰረዝ ሌላ ነገር ነው። ሁለቱ በአንድ ደብዳቤ ስለ ተጻፉ ብቻ አንድ አይሆኑም።

በደጀን ገጠር ወንፈል ላይ ሳሉ መርዶ ቢሰማ ሰዉ ማጭዱን ጥሎ ወደ ልቅሶው ይሄዳል። ይህ ማቆም ነው፤ ማንም አይነቅፈውም። ነገር ግን ከልቅሶ መልስ አንዱ ተነሥቶ፥ «ዙሩ ስላልሞላ እስከ ዛሬ የታጨደው ሁሉ እንዳልታጨደ ይቈጠር፤ ማንም ለማንም ዕዳ የለበትም» ቢል፥ ሰሚው በመገረም ያየዋል። ማሳው ታጭዷል፤ ክምሩም ቆሞ ይታያል። ዕዳው ዘንድሮ ባይከፈል ለከርሞ ይከፈላል፤ ከርሞም ባይቻል ቢያንስ ይታወሳል። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» እንደሚባለው ሁሉ፥ የደከመም ሰው ድካሙን አይረሳም። በወንፈል ሕግ የማይቻለው ዕዳን ማዘግየት አይደለም፤ የማይቻለው ዕዳ አልነበረም ማለት ነው።

በዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። «ዋንጫ ካልተሰጠበት፥ ማንም ካልወረደበት፥ የተሠራው ሥራ በመዝገብ ቢቀመጥ ባይቀመጥ ምን ለውጥ ያመጣል? ወረቀት እንጀራ አይሆንም» የሚል ነው። እውነት ነው፤ እንጀራ አይሆንም። ነገር ግን ከዚያ በኋላ የሆነውን ያየ ሰው ወረቀቱ ምን ሊሆን ይችል እንደ ነበር ይረዳል።

በዚያ በተሰረዘው ዓመት ከ16ቱ ክለቦች መካከል ሦስቱ ከትግራይ ነበሩ፦ መቀሌ 70 እንደርታ፥ ወልዋሎ አዲግራት፥ ስሑል ሽረ። እንዲያውም መቀሌ 70 እንደርታ የ2011 ዓ.ም. ሻምፒዮን ነበር። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነት ተነሣ። የ2013 ዓ.ም. ሊግ በ13 ክለቦች ብቻ ተካሄደ፤ ሦስቱ ክለቦች ወደ ሊጉ የተመለሱት ከዓመታት በኋላ በ2017 ዓ.ም. ነው። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ጨዋታው በጥቂት ከተሞች ተሰብስቦ እንዲደረግ ሆነ፤ የጎንደሩ ፋሲል ከነማም የመጀመሪያውን ዋንጫ በዚያ ዓመት አገኘ። «አንተ ዘንድ እመጣለሁ፥ እኔ ዘንድ ትመጣለህ» የሚለው ውል፥ የዓባይን ዳገት እየወጡና እየወረዱ የሚከፋፈሉት ድካም፥ ከሊጉ ውስጥ ወጣ።

እንግዲህ ከጦርነቱ በፊት የመቀሌና የጎንደር፥ የሽረና የባሕር ዳር፥ የሐዋሳና የአዲስ አበባ ልጆች ለመጨረሻ ጊዜ በአንድ ሰንጠረዥ የተጻፉበት ዓመት የትኛው ነው ቢባል፥ መልሱ ያው የተሰረዘው ዓመት ነው። አንድ ሕዝብ አብሮ የሠራውን ለማስታወስ በሚቸገርበት ሰዓት፥ አብሮ መሥራቱን የሚመሰክርለት መዝገብ «ያ ዓመት የለም» ብሎ ሲመልስለት፥ የጠፋው የነጥብ ቍጥር ብቻ አይደለም። የጠፋው ምስክር ነው። ሰራዡ ይህን አስቦ አልሰረዘም፤ ሊያስብም አይችልም ነበር። ቢሆንም መሰረዝን የሚያስፈራ የሚያደርገው ይኸው ነው፤ የሰረዝነው ነገር ነገ ለምን እንደሚፈለግ ዛሬ አናውቅም።

ብሬመንም ከድካሙ ምን አተረፈ ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ከአንድ ዓመት በኋላ ያው ክለብ ወረደ፤ ገብረሥላሴም ወደ ቼክ አገር ተመለሰ። ያተረፈው አንድ ዓመት ብቻ ነው። ነገር ግን በ2013 ዓ.ም. ሲወርድ በገዛ ጨዋታው ወረደ፤ ማንም በግምት አላወረደውም። ሰው ከፍትሕ የሚጠብቀው ማሸነፍን አይደለም፤ ድካሙ እስከ ደረሰበት ድረስ በትክክል እንዲነገርለት ነው።

ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት ፍርድ አጭር ነው። የሰው ሕይወት ሲጠይቅ ሥራ ይቁም፤ ላልሞላ ዙር ዘውድ አይጫን፤ የተሠራው ግን እንደ ተሠራ ይጻፍ። የአገራችንን የኳስ ታሪክ የሚያዘጋጅ ሰው ከ2011 ዓ.ም. ወደ 2013 ዓ.ም. እንዳይዘል፥ በመካከል አንድ ገጽ እንዲተው እንመክረዋለን። በዚያ ገጽ ላይ የ16ቱ ክለቦች ስም፥ የተደረጉት ጨዋታዎችና የተቈጠሩት ግቦች በየተራቸው ይስፈሩ። ዋንጫ የወሰደው ክለብ ስም በሚጻፍበት መስመር ላይ «ያልተፈጸመ» የሚል አንድ ቃል ይበቃል።