ዓሣ በስሙ አይታወቅም
ለፓራሻት ሽሚኒ



በዚህ ፓራሻ፣ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11፣ ሐሼም የሚበላውንና የማይበላውን ለይቶ ያስተምረናል። ምዕራፉን ስታነቡ አንድ ነገር ልብ በሉ። ግመልና አሳማ በስማቸው ተጠርተዋል። ከወፎችም ንስሩ፣ ቁራው፣ ሰጎኑ አንድ በአንድ ተቆጥረዋል። ዓሣ ላይ ሲደርስ ግን ቶራችን አንድም ዓሣ በስሙ አትጠራም። ክንፍና ቅርፊት ያለው ይበላል፣ የሌለው አይበላም፤ በዚሁ አበቃ። አዳም እንኳ ለእንስሳትና ለወፎች ስም ሲያወጣ ዓሦች በዚያ አልተጠቀሱም።

ለምን ይሆን? ይህ ጥያቄ በልቤ የገባው የሺቫ ውስጥ ሳይሆን ኤላት ነው። ባለፈው ዓመት በፔሳሕ ሖል ሃሞኤድ ከቤተሰቤ ጋር ወደ ኤላት ወርደን፣ በባሕር ውስጥ መመልከቻው መስታወት አጠገብ ከአያቴ ጋር ቆምን። አልሞጊም በሚባሉት ቋጥኞች መካከል የሚዋኘው ዓሣ ብዛቱ ያስገርማል፤ ሆኖም ትንሽ ታግሶ ያየ ሰው በየቤተሰቡ ይለየዋል። እንደ ቢራቢሮ ቀጭንና ጠፍጣፋ የሆነው፣ አፉ የሾለው ፓርፓሮን ነው። ጥርሱ እንደ በቀቀን መንቁር የሆነው ቱኪኖን ይባላል፤ ቋጥኙን እየቆረጠመ ይበላና ድንጋዩን አሸዋ አድርጎ ያወጣዋል። (የፈጣሪ ሥራ እንዴት ድንቅ ነው!) ናትሓን የሚባለው በጅራቱ ሥር እንደ ምላጭ ያለ ስለት አለው። ገበያ ላይ ሎኩስ የምንለው ደግሞ አፈ ሰፊ፣ ከባድ ዓሣ ነው። ከጉድጓዱ አንገቱን ብቻ የሚያወጣው፣ እባብ የሚመስለው ሞሬና ነው።

አያቴ፣ «ልጄ፣ ከዚህ ሁሉ የሚበላው የትኛው ነው?» አሉኝ። በገማራ ሑሊን ላይ ስለ ዓሣ ምልክት ተምሬአለሁ፤ ነገር ግን መልስ አጣሁ። ሞሬና ቅርፊት እንደሌለው አውቅ ነበር። የቀሩትን ግን በቀለማቸው ልገምት ስል አያቴ ሳቁና፣ «ውሃ ውስጥ እያለ በምን ይታወቃል? ወጥቶ በጥፍር ሲነካ ነው እንጂ» አሉ። (በኤላት የአልሞግ ጥብቅ ስፍራ ማጥመድ በሕግ ክልክል ነውና ማንም እንዳይሞክረው።)

ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ራምባን ያስተማሩት ይህንኑ ነው። ቶራ የምትለው ቅርፊት ቆዳው ሳይቀደድ በእጅ ወይም በቢላ የሚነሣው ነው ይላሉ። ሻርክ ቆዳው እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል፤ ነገር ግን ያ ሻካራው ነገር ከቆዳው አይለይም፤ ስለዚህ አይበላም። ሐሐሚም በሚሽና ኒዳ እንዳስተማሩን ደግሞ፣ ቅርፊት ያለው ዓሣ ሁሉ ክንፍ አለው፤ ክንፍ ያለው ሁሉ ግን ቅርፊት የለውም። እንግዲህ የሚፈለገው ቅርፊቱ ነው። ከውሃ ሲወጣ ቅርፊቱ የሚረግፍ ዓሣም የተፈቀደ ነው።

በዚያው ዓመት በበጋ አጎቴ ከአሽዶድ ባሕር ዳር አንድ ረዥም፣ ጎኑ እንደ ብር የሚያበራ፣ ጀርባው ነጠብጣብ ያለበት ዓሣ አጥምዶ መጣ። አያቴ ከጅራቱ ወደ ራሱ በጥፍራቸው ፋቁት። ምንም አልተነሣም። «ይህ ከቤቴ አይገባም» አሉ። አጎቴ፣ «ክንፍ አለው እኮ!» ብሎ አጉረመረመ። በኋላ ሌላ አጥማጅ ሲያየው አቡ ናፍሐ መሆኑን ነገረው። ይህ ዓሣ መርዝ አለው፤ ብታበስሉትም ብትጠብሱትም መርዙ አይጠፋም። የቀይ ባሕር ዓሣ ነበር፤ በ1869 በተከፈተው በስዊዝ ቦይ በኩል ወደ እኛ ባሕር ዳር መጣ። ከ2005 እስከ 2008 ባለው ጊዜ በእስራኤል 13 ሰዎች ይህን ዓሣ በልተው ተመርዘዋል። ይህን የምጽፈው ቶራን የሐኪም መጽሐፍ ለማድረግ አይደለም። ቅርፊት ኖሮት በእሾሁ የሚመርዝ ዓሣም አለ፤ ሲካን አንዱ ነው፣ የሚያጸዳው ሰው ይጠንቀቅ።

አሁን ወደ ስም ጉዳይ ልመለስ። በአገራችን ሳሉ ወላጆቻችን የጣናን ቆሮሶ ከአምባዛ ለመለየት ማንንም አይጠይቁም ነበር፤ ቆሮሶ ቅርፊት አለው፣ አምባዛ ጢም እንጂ ቅርፊት የለውም። እዚህ ግን የቆሮሶ ዘመድ አምኑን ይባላል፤ በኪኔሬት የሚገኘው አምባዛ ደግሞ፣ ዘሩ ከጣናው ጋር አንድ ሆኖ ሳለ፣ ስፋምኑን ይባላል። ለዕብራይስጥ እንግዳ የሆነ ጆሮ እነዚህን ሁለት ቃላት እንዴት ይለያቸው? በስም የገዛ ይሳሳታል፤ በጥፍሩ የፈተሸ አይሳሳትም። አንዳንድ ወጣቶች «እማማ አያውቁም፣ ማንበብ አይችሉም» ሲሉ እሰማለሁ። በዚህ ነገር ግን እኔ ከመጽሐፍ የተማርኩትን አያቴ በእጃቸው ያውቁታል።

ስለዚህ ገበያ ስትሄዱ ዓሣውን ሙሉውን አሳዩኝ በሉ። ካስቆረጣችሁም ቆዳው ከነቅርፊቱ በጥቂቱ ይቅርበት። ቆዳው ተገፎ የተቆረጠ ወይም የተፈጨ ዓሣ ግን የታመነ የካሽሩት ማረጋገጫ ከሌለው አትግዙ። ቅርፊቱ በጣም ረቂቅ ሆኖ ከተጠራጠራችሁ፣ እንደ ናትሓን ያለው ማለት ነው፣ ሳታበስሉት ወደ ረቢ ውሰዱት። ዓሣ ነጋዴው ሰልፉን አስረዘማችሁብኝ ብሎ ቢቆጣም ይቆጣ።

ሻባት ሻሎም!