የተሰወረው በደል በትዳር ውስጥ በተገለጠ ጊዜ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ባልና ሚስት በተክሊልና በቅዱስ ቁርባን ሲጋቡ በአንድ ማዕድ ለመቅረብና በአንድ ጣራ ሥር ለማደር ብቻ የተዋዋሉ አይደሉም፤ አንዱ የሌላውን ስምና ክብር፣ ዕዳና መከራ ሊካፈል ቃል የገባ ነው። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 19 ሁለቱ አንድ ሥጋ እንደሚሆኑ አስተምሯልና፣ በአንዱ ላይ የሚወድቀው ነገር ሌላውን ሳይነካ አይቀርም። ይህም ስለሚመጣው ዘመን ብቻ አይደለም፤ ያለፈውም ዘመን ከባለቤቱ ጋር ወደ ቤት ይገባል። በሠርግ ቀን የተሰወረ በደል ቢኖር፣ እርሱም ከሙሽራው ጋር ገብቶ በጓዳ ተቀምጦ ቀኑን ይጠብቃል።

ነገሩ ግልጥ እንዲሆን እንዲህ ያለ ሰው አለ እንበል። በጎልማሳነቱ በትውልድ አገሩ በጠብ መካከል የሰው ሕይወት አጠፋ፤ ስሙን ለውጦ ወደ ሩቅ አገር ሄደ። በዚያም ሠርቶ አደረ፣ ጾመ፣ ጸለየ፣ ሚስት አገባ፣ ልጆች ወለደ። ጎረቤቱ ይወደዋል፤ በማኅበሩም የተከበረ ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ ግን በገበያ ቀን ከቀድሞ አገሩ የመጣ አንድ መንገደኛ አየውና በዱሮ ስሙ ጠራው። ነገሩም ከአንዱ ጆሮ ወደ ሌላው እያለፈ በመጨረሻ ወደ ሚስቲቱ ደረሰ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደ ተባለው፣ አሥር ዓመት የተሰወረው በአንድ ቀን ተገለጠ።

እንግዲህ ይህች ሴት ወደ ንስሐ አባቷ በመጣች ጊዜ፣ የመጀመሪያ ጥያቄዋ ባሏ ለምን እንደ ገደለ አይሆንም። «እስከ ዛሬ አብሬው የኖርሁት ሰው ማን ነው? ያከበረኝ፣ ልጆቼን ያሳደገው፣ ከእኔ ጋር የጸለየው እርሱ ነውን? ወይስ ሌላ ሰው ነበረ?» ብላ ትጠይቃለች። ይህን ጥያቄ «ተይው፤ ያለፈ ነገር ነው» ብሎ ማሰናበት የእረኛ ሥራ አይደለም። «እንዲህ ያለውንስ ጥለሽው ውጪ» ብሎ በቶሎ መፍረድም እንዲሁ።

ለጥያቄዋ መልስ ለመስጠት በመጀመሪያ ሁለቱን በደሎች መለየት ያስፈልጋል። ፊተኛው በደል ደም ማፍሰሱ ነው፤ ይህን የበደለው በእግዚአብሔር፣ በሟቹና በሟቹ ወገኖች ላይ ነው። ሁለተኛው በደል መሰወሩ ነው፤ ይህን የበደለው በሚስቱ ላይ ነው። ብዙ ሰዎች እነዚህን ሁለቱን አንድ ያደርጓቸውና ይሳሳታሉ። ባል «እኔ ለንስሐ አባቴ ተናዝዤ ቀኖናዬን ፈጽሜአለሁና ከእንግዲህ ማንም ሊጠይቀኝ አይገባም» ይላል። ስለ ፊተኛው በደል በእግዚአብሔር ፊት ንስሐ ገብቶ እንደ ሆነ እውነቱን ተናግሯል፤ ሚስቱ ግን የምታዝንበት ሁለተኛው ነውና ለዚህ ገና ይቅርታ አልጠየቃትም። ሚስትም በበኩሏ ስለ መታለሏ የተቆጣችውን ቍጣ በፊተኛው በደል ላይ ጨምራ፣ እግዚአብሔር የደመሰሰውን ኃጢአት እንደ ገና ልትጽፍበት አይገባም። ለእያንዳንዱ ዕዳ ባለ ዕዳውና ባለ ገንዘቡ የተለያዩ ናቸው፤ አንዱን የከፈለ ሌላውንም እንደ ከፈለ አይቈጠርም።

ቅዱሳት መጻሕፍት እንዲህ ያለውን ነገር አልሸሸጉም። ዘጸአት ምዕራፍ 2ን የሚያነብ ሰው፣ ነቢዩ ሙሴ ግብፃዊውን ገድሎ በአሸዋ ውስጥ እንደ ሰወረው፣ በማግስቱም ነገሩ ታውቆ ወደ ምድያም እንደ ሸሸ፣ በዚያም ሲፓራን እንዳገባ ያገኛል። አሸዋው ለአንድ ሌሊት ብቻ ጠቀመው። በምዕራፍ 4 እግዚአብሔር ወደ ግብፅ ሲመልሰው፣ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ የሄደው ወደዚያው ወደ ሸሸበት ምድር ነው። የጥንቱ በደል ያለበት አገር በመሸሽ ብቻ አይታለፍም፤ ቀን ይመጣል፣ ቤተሰብም አብሮ ይሄዳል። እግዚአብሔር ግን ያን ሰው ሕዝብን ለማዳን መረጠው እንጂ ስለ አሸዋው ነገር አልጣለውም።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 ደግሞ የሐናንያን ነገር እንመልከት። ሳውል በኢየሩሳሌም ቅዱሳንን ማሳደዱን ሰምቶ ነበርና፣ ጌታ ወደ እርሱ ሂድ ባለው ጊዜ ፍርሃቱን አልደበቀም፤ የሰማውን ሁሉ በጌታ ፊት ተናገረ። ጌታም ስለ ፍርሃቱ አልገሠጸውም፤ የተለወጠውን ሰው አሳየው እንጂ። ከዚህም በኋላ ሐናንያ ሄዶ እጁን ጭኖ ወንድም ብሎ ጠራው። የባሏን ያለፈ ዘመን ሰምታ የምትደነግጥ ሚስት በዚህ ትጽናና። ፍርሃቷ ኃጢአት አይደለም፤ በእግዚአብሔርና በንስሐ አባቷ ፊት ልታፈስሰው ይገባታል። ነገር ግን በፍርሃቷ ላይ አትቁም፤ ባሏ በእውነት የተለወጠ መሆኑን ትመርምር።

የሚመረመረውስ በምንድር ነው? በእንባ ብዛት አይደለም፤ እንባ ለሁሉ ይወርዳልና። ሰኔ 24 ቀን የምናስበው አባ ሙሴ ጸሊም አስቀድሞ ሽፍታና ነፍሰ ገዳይ ነበረ። ወደ ገዳመ አስቄጥስ በመጣ ጊዜ በደሉን በአባቶች ፊት አንድ በአንድ ተናዘዘ፤ እርሱ አንዱን በተናገረ ቍጥር መልአክ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን እየደመሰሰ ሰሌዳው ነጭ እንደ ሆነ በገድሉ ይነገራል። ልብ እንበል፤ ሰሌዳው የነጣው የተጻፈው በመሸፈኑ አይደለም፣ በመነገሩ ነው። እንግዲህ የተገለጠበት ባል ሰው የሰማውን ብቻ እያመነ፣ ያልተሰማውን እየሸሸገ፣ በሟቹና በመንገደኛው እያመካኘ የሚናገር ቢሆን ንስሐው ገና ነው። ሚስቱ ያልጠየቀችውን ጭምር ራሱ ቢገልጥ፣ ልጆቹን እንደ ጋሻ በፊቱ ባያቆም፣ ለበደሉም የሚገባውን ካሣ ቢጀምር፣ «አብሬው የኖርሁት ማን ነው?» ላለችው እውነተኛ መልስ ማግኘት ጀመረች። ያ ሁሉ ዓመት የጾመውና ልጆቹን ያሳደገው ሰው ሐሰተኛ አልነበረም፤ ነገር ግን ከራሱ ግማሹን ሸሽጎ ኖሯል። አሁን ሙሉ ሆኖ በፊቷ ይቆማል።

ካሣውም በቃል ብቻ አይፈጸምም። ዘኬዎስ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 19 ጌታን በቤቱ ሲቀበል የቀማውን አራት እጥፍ ሊመልስ ቃል ገባ። ጳውሎስም ኦኔሲሞስን በወህኒ ሳለ ካስተማረው በኋላ በዚያው ሸሽጎ አላስቀረውም፤ ደብዳቤ አስይዞ ወደ ጌታው ወደ ፊልሞና መለሰው፣ ዕዳውንም በራሱ ላይ አደረገ። ደም ያለበትም ሰው እንዲሁ ሽማግሌ ልኮ ከሟቹ ወገኖች ጋር እንዲታረቅ፣ ደሙንም በአገሩ ሥርዓት እንዲያደርቅ ያስፈልጋል። ሕግም የሚፈልገው እንደ ሆነ ራሱን ለሕግ ያቅርብ፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በእውነት መጸጸትን፣ በፈቃድ እጅ መስጠትንና የተበደለን መካስን ከቅጣት ማቅለያ ምክንያቶች ይቈጥራል። ይኸው ሕግ «መሰየም» በሚለው ክፍሉ፣ ቅጣቱን የፈጸመ፣ የተወሰነውን ዘመን በመልካም ጠባይ ያሳለፈና የበደለውን በተቻለው መጠን የካሰ ሰው ፍርዱ ከመዝገብ እንዲሰረዝለት ደንግጓል። የምድር ሕግ የተሰረዘ መዝገብ ካለው፣ የክርስቲያን ቤት እንዴት አይኖረው?

ሚስትም ይቅር ማለትና ነገሩን እንዳልነበረ መቍጠር አንድ እንዳልሆኑ ትወቅ። ይቅርታ በአንድ ቀን ሊሰጥ ይችላል፤ እምነት ግን እንደ ፈረሰ ግንብ በድንጋይ ላይ ድንጋይ እየተደረበ ይሠራል። ባልም «ይቅር ካልሽኝ ለምን ትጠራጠሪኛለሽ?» ብሎ ሊያስቸኩላት አይገባውም። በደሉ ያለፈ ሳይሆን ዛሬም የሚሠራ ቢሆን፣ ወይም በእርሷና በልጆቿ ላይ እጁን የሚያነሣ፣ የሚያስፈራራ ቢሆን፣ ይህ ሌላ ነገር ነው። ነፍሷንና ልጆቿን ወደ ደኅና ስፍራ ማራቅ ይገባታል፤ ይህም ኪዳንን ማፍረስ አይባልም። ሐዋርያው በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 7 ስለምትለይ ሴት ሲናገር የመታረቅን በር ክፍት እንደ ተወ፣ እርሷም ርቃ ሳለች በሩን ሳትዘጋ ትጠብቅ። ወንጀልን መሸሸግና ለወንጀል መተባበር ግን ከፍቅር አይቈጠርም፤ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 5 ባልና ሚስት በሐሰት ስለ ተስማሙ ስምምነታቸው አላዳናቸውም።

በዚህ ስፍራ አንድ ነገር ሳናነሣ ማለፍ አይገባንም። ባል ቢገኝበት «በጎልማሳነቱ ነው» የሚል ሰው፣ ሚስት በስርቆት ወይም በሌላ ወንጀል ታስራ እንደ ነበረ ቢሰማ ወዲያው ስሟን ያረክሳል። ይህ አድልዎ ነው። ረዓብ ምን እንደ ነበረች በኢያሱ መጽሐፍ ተጽፎ ሳለ፣ ቅዱስ ማቴዎስ በምዕራፍ 1 ከሰልሞን ቦዔዝን እንደ ወለደች በጌታ የትውልድ ሐረግ ውስጥ ስሟን ሳይደብቅ አኖራት። ያለፈው ዘመን ለባል የሚሠረይ ከሆነ ለሚስትም ይሠረያል።

ለካህናት ወንድሞቻችንም ይህን እንላለን። በኑዛዜ የተነገረው ምሥጢር በምንም ምክንያት ለሌላው ባለ ትዳር አይነገርም፤ ሚስት በእንባ ብትለምን፣ ዘመድ ቢቈጣም አይወጣም። ነገር ግን ምሥጢር መጠበቅ ዝም ብሎ ማየት አይደለም። ተናዛዡ ሊያገባ ሲነሣ፣ የሚያገባትን ሴት የሚነካውን ነገር ራሱ በቃሉ እንዲነግራት አጥብቆ መምከር የንስሐ አባት ግዴታ ነው። ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 24 ስለ ጋብቻ ሲደነግግ የሁለቱን ፈቃድ መሠረት ያደርጋል፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ነጻና ሙሉ ፈቃድን ይጠይቃል። የምትፈቅደውን ሰው ያላወቀች ሴት ፈቃዷ እንዴት ሙሉ ይሆናል?

«እንግዲያስ የወጣትነትን ኃጢአት ሁሉ ለእጮኛ መዘርዘር ይገባልን?» የሚል ቢኖር፣ አይገባም እንላለን። ለንስሐ አባት የሚነገረው ሁሉ ለእጮኛ የሚነገር አይደለም። ነገር ግን ነገ በእርሷ ወይም በልጆቿ ደጅ ሊቆም የሚችለው ሁሉ፣ ይኸውም ደም፣ ያልተፈጸመ ፍርድ፣ የተለወጠ ስም፣ የተተወ ልጅ፣ ከባድ ዕዳ፣ ከቃል ኪዳን በፊት መነገር አለበት። ከመጋባት በፊት የተነገረ እውነት ምናልባት አንድ ሠርግ ያስቀር ይሆናል፤ ከመጋባት በኋላ የተገለጠ ሐሰት ግን ቤትን ከነልጆቹ ያናውጣል።

ጎረቤትና ዘመድም አንደበቱን ይጠብቅ። በተሰበረ ቤት ደጅ ቆሞ ወሬ የሚያቀብል ሰው የወንድሙን ገመና ይገልጣል፤ የአባታቸውን ስም በመንገድ የሚሰሙትን ሕፃናትም ያቈስላል። ሕፃናቱ ዕድሜያቸው በሚፈቅደው መጠን እውነቱን ከወላጆቻቸው አፍ ይስሙት እንጂ ከመንገድ አይስሙት።

እንግዲህ የሰወራችሁ ግለጡ፤ የተገለጠላችሁ መርምሩና ይቅር በሉ፤ የሰማችሁም ዝም በሉና ጸልዩ። የተሰወረውን ሁሉ የሚያውቅ፣ የተናዘዘውንም የማይጥል አምላክ በየቤታችሁ ያለውን አንድነት በእውነት ላይ ያጽናልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።